ግራና ቀኙ ያልተስማማ ጠመንጃ

አንድ የአደን ድርጅት ውስጥ የመሣሪያ ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። የእንግዶችን ጠመንጃ ቦሌ ላይ እረከባለሁ፣ ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር አመሳክራለሁ፣ ጥይቱን ቆጥሬ እመዘግባለሁ፣ ካምፕ ድረስ አደርሳለሁ። አደኑ ሲያልቅ በዚያው መንገድ መልሼ እሸኛለሁ። እንዲህ ስትሠራ ብዙ ዓይነት መሣሪያ በእጅህ ያልፋል። ማን በምን አስተካክሎ እንደሚመታ፣ ማን በምን እንደሚስት ታያለህ።

የማወራችሁ ድርጅታችን ለራሱ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሊገዛ በተነሳበት ጊዜ የሆነውን ነው። መሣሪያው ለዋናው አዳኛችን ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እንግዳው ጎሽ ተኩሶ ቢያቆስል፣ ደሙን ተከትለው ጥሻ ውስጥ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ይዘውት የሚዞሩት እያቀባበሉ የሚተኩሱትን 375 ካሊበር ነበር። ካሊበር የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ጠመንጃና ጥይት የሚጠሩበት ቁጥርም ከእሱ ይመጣል። 375 ጥሩ ጠመንጃ ነው። ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ ከዚህ ያነሰ አይፈቅዱም። ግን የቆሰለ ጎሽ ከአሥር እርምጃ ላይ ሲነሳ ለማቀባበል ጊዜ የለም። ባለሁለት አፈሙዙ ሁለት ቃታና ሁለት መምቻ አለው። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ሌላው ይጠብቃል። ጣትን ከፊተኛው ቃታ ወደ ኋለኛው ማሳለፍ ነው፣ አለቀ።

በዚህ ማንም አልተከራከረም። ጭቅጭቁ ካሊበሩ ላይ ነበር።

አለቃችን 458 ዊንቸስተር ማግነም ይሁን አለ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ናይትሮ ኤክስፕረስ የሚባሉት፣ ለትልልቅ አውሬ የተሠሩት የድሮ የእንግሊዝ ጥይቶች በአንድ ወቅት ከገበያ ጠፍተው ነበር። 577፣ 600ና 470 ከእነሱ ናቸው። ዋናው አምራች ካይኖክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማምረቱን ሲተው፣ ስንት ውድ ጠመንጃ ጥይት አጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው 458 ደግሞ በየአገሩ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀላል። «እኔ ሙዚየም አልከፍትም፣ ጥይት የሚገኝለት ነው የምገዛው» አለን አለቃችን።

ወጣቱ ረዳት አዳኝ ልቡ 577 ላይ ነው። እርሳሱ፣ ማለት ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ ብቻውን 48 ግራም ይመዝናል።

«ጋሼ፣ ለጎሽ ትልቁ አይሻልም?» አላቸው።

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ማነው?»

እውነታቸውን ነው። የ577 ጠመንጃ ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ከዚያ ከቀለለ ርግጫው ትከሻ ይሰብራል። 600 ደግሞ ከ7 ኪሎ በላይ ነው። በታችኛው ኦሞ ፀሐይ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ዱካ ተከትሎ የሄደ ሰው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ክንዱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የእርሳሱ ክብደት ምን ይፈይድለታል?

የጋሼ ምርጫ 470 ነበር። 32 ግራም እርሳስ፣ በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ። ጠመንጃው 5 ኪሎ አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ፋብሪካ ጥይቱን እንደገና ማምረት ስለጀመረ፣ ዛሬ ከናይትሮ ኤክስፕረሶቹ ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው። አለቃችን ግን ከ458 ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ተንጠልጥሎ ቆየ።

በዚህ መሐል ነው ከአሜሪካ አንድ ጡረታ የወጣ እንግዳ የመጣው። ይዞ የመጣው የአባቱን ባለሁለት አፈሙዝ ነው፣ 500/465፣ ባጭሩ 465 የሚባለው። መቼም እንደዚያ የሚያምር እንጨት ያለው ሰደፍ ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም። ሰውየውም እንደ ሕፃን ነበር የሚይዘው።

ይህ ካሊበር የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዞች በሕንድና በሱዳን አመፀኞች እጅ ይገባል ብለው ሰግተው 450 ካሊበር መሣሪያና ጥይት እንዳይገባ ከለከሉ። ጠመንጃ ሠሪዎቹ ከክልከላው ለማምለጥ በትንሽ በትንሹ የተለየ ልክ ማውጣት ጀመሩ። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 465ን አወጣ። ጆሴፍ ላንግ የሠራው 470ም በዚያው ሰበብ ገበያው ደራለት። ሁሉም ጎሽ ላይ የሚሠሩት ሥራ ያው ነው። ልዩነቱ ዛሬ የየትኛው ጥይት ይገኛል የሚለው ላይ ነው፤ የ465 ብርቅ ነው። እንግዳችንም ከፋብሪካ ስላጣ ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት ነበር ያመጣው። ቀለሁን፣ ባሩዱንና እርሳሱን አንድ ወዳጁ ነው ያዘጋጀለት።

ካምፕ እንደደረስን ደንባችን ነውና ማንም እንግዳ ወረቀት ላይ ሳይተኩስ ወደ አደን አይወጣም። ሃምሳ ሜትር ላይ ሰሌዳ ተከልን። ጋሼ ሁልጊዜ አራት ጥይት ነው የሚያስተኩሱት። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እኔ በየመሐሉ ሄጄ የየትኛው አፈሙዝ ቀዳዳ እንደሆነ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ቀ ወይም ግ።

ወረቀቱን ሳየው ግራ ገባኝ። ሁለቱ ቀ ከመሐል ነጥቡ በስተግራ ናቸው። ሁለቱ ግ በስተቀኝ። በመካከላቸው ሙሉ ስንዝር አለ። ሰውየው ደክሞኝ ነው ብሎ ራሱን ወቀሰ። ትንሽ አርፎ እንደገና ተኮሰ። ያው ነው፣ ተሻግረው አረፉ።

ከዚያ ጠመንጃውን ሊከፍት ሲል እንቢ አለው። መክፈቻውን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ አልሄደም። ጋሼ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው በግድ አጠፉት። የቀኙ ቀለህ ወጣ፣ የግራው ተጣብቆ ቀረ። በመወልወያ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል አስገብተን፣ በእንጨት ቀስ እያልን መትተን ነው ያስወጣነው። ቀለሁን አገላብጬ አየሁት። መምቻው የሚያርፍበት ቦታ ተጠፍጥፏል። ግፊቱ ከልክ ያለፈ ጥይት ምልክት ነው።

«የጥይቱ ሳጥን የት ነበር የተቀመጠው?» አሉ ጋሼ።

እንግዳው ከእጁ እንዲርቅ ስላልፈለገ ላንድክሩዘሩ የፊት መስታወት ሥር አድርጎት ነበር የመጣው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መቶታል። አንዷን አነሳሁ፣ ትፋጃለች። ያ ወዳጁ ጥይቱን የሞላውና አብረው የሞከሩት ደግሞ በበረዶ ወራት ነው፣ ያውም ከሃያ ሜትር። ባሩድ ሲሞቅ ቶሎ ይነዳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ እርሳሱ ይፈጥናል።

ማታ እሳት ዳር ጋሼ ነገሩን ለእንግዳው ሲያስረዱት እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ባለሁለት አፈሙዝ ሲሠራ ሁለቱ አፈሙዞች ፍጹም ትይዩ ሆነው አይበየዱም። ጫፋቸው በጥቂቱ ይቀራረባል። የቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይዘላል፣ የግራው ሲተኮስ ወደ ግራ። እርሳሱ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው ይህ የሚጀምረው። ሠሪው ያንን አስልቶ፣ እየተኮሰ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ሽብልቅ እያላላና እያጠበቀ፣ የሁለቱም ጥይት ጎን ለጎን እስኪያርፍ ያስተካክለዋል። ያ ልክ ግን ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። ለአንድ ክብደትና ለአንድ ፍጥነት። እርሳሱ ከዚያ ከፈጠነ ጠመንጃው ሳይዘል ይወጣና ጥይቶቹ ይሻገራሉ። ከዘገየ ደግሞ የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይራራቃሉ።

«ሁለት በሬ ጠምደህ አንዱን ብቻ አልምደህ ማረስ አይሆንም» አሉት። አስተርጉሜ ስነግረው አንገቱን እየነቀነቀ ዝም አለ።

ጥይቱን ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ አሳድረን ንጋት ላይ ደገምነው። አሁን በቀላሉ ተከፈተ። ቀዳዳዎቹም ተቀራረቡ፣ ወደ አንድ መዳፍ ስፋት። ግን አሁንም የተሻገሩ ናቸው። ማለት ጥይቱ ከመጀመሪያውም ለዚያ ጠመንጃ ትንሽ የበዛበት ነበር።

እንግዳው ለመነ። ዓመታት የጠበቀው ጉዞ ነው፣ አባቱ ያላየውን አገር በአባቱ ጠመንጃ ሊያየው ነው። በቀኙ ብቻ ልተኩስ፣ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አውቄዋለሁ አለ። አሳዘነኝ፣ እውነት ለመናገር እሺ ቢሉት ደስ ባለኝ። ጋሼ ግን በትሕትና እንቢ አሉ። ከወረቀቱ ይልቅ እሳቸውን ያሳሰባቸው የተጣበቀው ቀለህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥይቱ ኪስ ውስጥ ይሞቃል። ሁለት ተኩሶ የማይከፈት ጠመንጃ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ነው።

ደግሞ ያ ጥሻ ባዶ አይደለም። ከብት የሚያግዱ ልጆች አሉ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች አሉ። እንግዳው አቁስሎት የሄደውን ጎሽ በማግስቱ የሚያገኘው እረኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዱካ ፈላጊያችን የሐመር ሰው ነው። ነገሩን ከነገርነው በኋላ ምንም አላለም፣ ተነስቶ የካምፑን 375 አምጥቶ እንግዳው እግር ሥር አስቀመጠ። በዚያው ተወሰነ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን በ375 ከስልሳ እርምጃ ተኩሶ ጎሹን ጣለ። ማንም አልተጎዳም፣ እንስሳውም አልተንገላታም።

እኔ ወረቀቱንና የተጠፈጠፈውን ቀለህ ይዤ አዲስ አበባ ተመለስኩ። አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው።

የ458ን ክርክር የቀየረው ቀለሁ ነው። የድሮ ሠሪዎች ይህን ችግር ያውቁታል። በሕንድና በአፍሪካ ሙቀት ኮርዳይት የሚባለው ባሩድ ግፊቱ እየናረ ቀለህ ያጣብቅባቸው ነበር። ለዚህ ነው የናይትሮ ኤክስፕረስ ቀለሆች ያን ያህል ረጃጅም የሆኑት። ባሩዱ ሰፊ ቦታ ካገኘ ግፊቱ ዝቅ ይላል። የ470 የግፊት ጣሪያ 2700 ባር አካባቢ ነው። የ458 ግን 4300 ነው። በዚያ ላይ የ470 ቀለህ ቂጡ ላይ ወፍራም ከንፈር አለው፣ ማውጫው ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። 458 እንዲህ ያለ ከንፈር የለውም። ባለሁለት አፈሙዝ ሲሠራለት ቀለሁን የሚይዝ ትንሽ ባለስፕሪንግ ምላስ ይገባለታል። አቧራና ላብ ባለበት ሥራ በእሷ ላይ ሕይወቴን አልጥልም። እያቀባበሉ ለሚተኩሱት ጠመንጃ 458 ምንም አይወጣለትም። ለባለሁለት አፈሙዝ ግን አልተፈጠረም።

አለቃችን ቀለሁን ደጋግሞ አየና «ጥይቱን አንተ ታመጣልኛለህ» አለኝ። 470 ታዘዘ።

ትዕዛዙን ስንጽፍ ካሊበሩን ብቻ አልጻፍንም። የምንጠቀመውን ጥይት፣ የእርሳሱን ክብደትና የምንተኩስበትን ርቀት ጻፍን። ሠሪው በዚያው ጥይት እንዲያስተካክለው ጠየቅን። ጥይቱንም በአንድ ጊዜ ከተመረተ ክፍል ለዓመታት የሚበቃ ገዛን። አየር መንገዶች ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅዱት 5 ኪሎ ጥይት ስለሆነ በአንዴ አልገባም፣ ቀስ በቀስ ነው ያስገባነው።

ለራሱ መግዛት የሚፈልግ እንግዳ ምክር ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ 470 አልልም። መጀመሪያ ለሚተኩሰው ሰው 450/400 ነው የምወደው። 26 ግራም እርሳስ፣ የቀለለ ጠመንጃ፣ የማያስደነግጥ ርግጫ። ብዙ ሰው በእሱ ቃታውን ሳይፈራ ስለሚስብ ጥይቱ የታለመበት ያርፋል። ደሙን ተከትሎ ጥሻ ለሚገባ ባለሙያ 470 ወይም ትከሻው ከቻለ 500። ከዚያ በላይ ያለውን ለዝሆን ቅርብ ተኩስ የኖሩ ሰዎች ይመርጡት፣ ለጎሽ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ለእንግዶች በምንልከው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ባለሁለት አፈሙዝ ከሆነ፣ በየትኛው ጥይት ነው የተስተካከለው? የያዙት እሱኑ ነው? ብዙዎቹ ይህን ሲያነቡ ይደውሉልኛል፤ መልሱን የማያውቁ አሉ። ጠመንጃቸውን ወደ ባለሙያ ወስደው አስተኩሰው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። ገና አገራቸው ስለሆኑ ጊዜ አላቸው።