ያለ ጭነት 125 አምፔር የሳበው ትራንስፎርመር

የትራንስፎርመር የኮምፒውተር ሞዴል ከመሥራቴ በፊት ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ የባከነ ሥራ ይቀርልኝ ነበር።

መረቡ ትንሽ ነው፦ 132 ኪሎ ቮልት ምንጭ፣ 60 ኪሎ ሜትር መስመር፣ ብሬከር (መስመሩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ)፣ 40 ሜጋ ቮልት አምፔር የሆነ 132/33 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር። የሚፈለገው ብሬከሩ ሲገናኝ ትራንስፎርመሩ የሚስበው የመነሻ ከረንት ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። የምንጩ ሾርት ሰርኪዩት አቅም 2000 ሜጋ ቮልት አምፔር ስለሆነ ኢምፔዳንሱ 132 በ132 ተባዝቶ ለ2000 ሲካፈል 8.7 ኦም ነው። ሞገድ መስመሩን ለመጨረስ 200 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የስሌቱ የጊዜ እርምጃ ከዚህ በጣም ማነስ ስላለበት 20 ማይክሮ ሰከንድ አደረግሁት። የትራንስፎርመሩ 12.5 በመቶ ሪአክታንስ (ተለዋዋጭ ከረንትን የሚገታው መጠን) በራሱ ቤዝ ነው፣ ማለትም በራሱ 40 ሜጋ ቮልት አምፔር ላይ የተሰላ፤ ወደ 100 ሜጋ ቮልት አምፔር ቤዝ ሲዞር 31.25 በመቶ ይሆናል።

የተበላሸው የትራንስፎርመሩ እምብርት ብረት ሳቹሬሽን ላይ ነው፤ ብረቱ በፍለክስ (መግነጢሳዊ ፍሰት) ጠግቦ ከረንቱ የሚንርበት ሁኔታ ማለት ነው። ሎድ ፍሎው (የመረቡ መደበኛ የኃይል ፍሰት ስሌት) ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ እዚያ ሁሉም ቁጥር ልክ ነበር። ትራንስፎርመሩን ብቻውን ከንጹሕ የቮልቴጅ ምንጭ ጋር ሳገናኘው ግን፣ ያለ ምንም ጭነት፣ ከረንቱ በጫፍ ዋጋ 125 አምፔር ሆነ። የፋብሪካው የፍተሻ ሪፖርት 0.5 በመቶ ይላል፤ ከሙሉ ጭነት ከረንቱ ከ175 አምፔር ላይ ይህ 1 አምፔር እንኳ አይሞላም።

ምክንያቱ አር ኤም ኤስ (የተለዋዋጭ ቮልቴጅ ውጤታማ ዋጋ፣ ከጫፉ ያነሰ) እና ጫፍ ዋጋ መምታታታቸው ነው። የፌዙ ቮልቴጅ 76.2 ኪሎ ቮልት፣ ጫፉ 107.8 ነው። ጫፉ ለ314.16 (2π ጊዜ 50 ኸርዝ) ሲካፈል ትክክለኛው የፍለክስ ጫፍ 343 ቮልት ሰከንድ ይሆናል። እኔ 76.2ን አካፍዬ 243 አገኘሁ፤ ብረቱ የሚጠግብበትን ነጥብ በ1.2 አባዝቼ 291 ላይ አስቀመጥኩት። በመደበኛ ቮልቴጅ ፍለክሱ 343 ስለሚደርስ ብረቱ በየግማሽ ዑደቱ ይጠግባል ማለት ነው። የሶፍትዌሩ መመሪያ የትኛውን ዋጋ እንደሚፈልግ በአንድ ቃል አለመናገሩ እስካሁን ያናድደኛል። ባለማጣራቴ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይህ ሲታረም ሁለተኛው ስህተት ወጣ፤ የባሰውም እሱ ነበር፤ ምክንያቱም ውጤቱ ጤነኛ ይመስላል። ሪፖርቱ የቮልቴጅና የከረንት ግንኙነትን የሚሰጠው በ90፣ በ100 እና በ110 በመቶ ቮልቴጅ ብቻ ነው። መመሪያው የመጨረሻውን መስመር ወደ ላይ አራዝሙ ይላል። አታራዝሙት። በ100 በመቶ 0.5፣ በ110 በመቶ 1.2 በመቶ ከረንት ካለ፣ በዚያው ተዳፋት 2.7 ፐር ዩኒት (የመደበኛው ዋጋ 2.7 እጥፍ) ፍለክስ ላይ የሚገኘው ከረንት 30 አምፔር ያህል ነው። ብረቱ ጠግቦ ጥቅሉ አየር ላይ እንደተጠቀለለ ሆኖ ሲቀር ግን የሚቀረው ሪአክታንስ 0.3 ፐር ዩኒት ገደማ ነው፤ ከ1.2 በላይ ያለው 1.5 ለ0.3 ሲካፈል 5 ፐር ዩኒት፣ ማለትም በጫፍ ዋጋ ወደ 1240 አምፔር ይሆናል። 30 እና 1240! ፋብሪካው ይህን ሪአክታንስ በሪፖርቱ ካልጻፈ በጽሑፍ ጠይቁት። መልስ ካልመጣ የሾርት ሰርኪዩት ሪአክታንሱን እጥፍ ወስዳችሁ ጀምሩ፤ ለውጨኛው ጥቅል ትንሽ ጨምሩበት። 0.3ን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

2.7 የመጣው በብረቱ ውስጥ ከቀረው 0.7 ፍለክስና ቮልቴጁ ዜሮ ሲያልፍ ከማገናኘት ነው። ስለዚህ አንድ ሩጫ ምንም አይነግራችሁም። የማገናኛውን ቅጽበት በ20 ሚሊ ሰከንዱ ዑደት ውስጥ በ1 ሚሊ ሰከንድ እያዛወራችሁ፣ ቀሪ ፍለክሱን በፌዞቹ ላይ ዜሮ፣ 0.7 እና ከዜሮ በታች 0.7 እያደረጋችሁ ደጋግሙት። የምንጩና የመስመሩ ሪአክታንስ ሲጨመር የእኔ ከፍተኛ ውጤት ወደ 1000 አምፔር ወረደ። መረቡ ደካማ ሲሆን ከረንቱ ይቀንሳል፤ የቮልቴጁ መውደቅ ግን ይብሳል።

የጥቅሉን ሬዚስታንስም ዜሮ አታድርጉ። ያለ እሱ ከረንቱ በትክክለኛው ፍጥነት ስለማይቀንስ፣ የዲፈረንሺያል ሪሌው (ትራንስፎርመሩን ከብልሽት የሚጠብቀው) ሁለተኛ ሃርሞኒክ ማገጃ፣ ማለትም ሪሌው የመነሻ ከረንቱን ብልሽት ብሎ እንዳይቆርጥ የሚያግደው፣ ለስንት ጊዜ መያዝ እንዳለበት ከሞዴሉ ማንበብ አይቻልም።