እናቴ ናት

ሲያትል ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ያፈርኩትን ያህል ግን አፍሬ አላውቅም።

ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዳችንን ከኤርፖርት ተቀበልኩና እናቴ የላከችልኝን አምስት ኪሎ ቅቤ ትራንክ ውስጥ አስቀመጥኩ። ለጋ እንዳይመስላችሁ፣ በሳል ነው። እናቴ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ፣ በፕላስተር ጠፍራ፣ "ጠረኑ ንቅንቅ አይልም" ብላ ምላልኛለች። ጉምሩኩን እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ሃምሳዎቹን ያለፈ ፈረንጅ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ገባ፤ መንገዱ ወደ ሲታክ ኤርፖርት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሂተሩን ለቅቄዋለሁ። ሬዲዮው ላይ ያ ጊታር ጀመረ፤ እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሳይወድ በግዱ የሚያውቀው። ሰውየው ከኋላ፣

"ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት!" አለ።

ጆሮዬ ከ"ስሜልስ"፣ ከ"ይሸታል" ማለት ነው፣ ወዲያ ያለውን አልተቀበለም። አራቱንም መስኮት ከፍቼ ዝናቡን አስገባሁና "ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅቤ ነው። እናቴ ናት" አልኩ።

"ዘፈኑን ነው እኮ ያልኩት!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ኒርቫና የሚባል የሮክ ባንድ ዘፈን ርዕስ ነው ለካ።

ከዚያ ታሪኩን ተያያዘው። አንድ ሰዓት ያህል ነድተን በምንደርስባት ኦሊምፒያ፣ ካትሊን ሃና የምትባል የፓንክ ዘፋኝ የባንዱ ዘፋኝ የኩርት ኮቤይን ቤት ግድግዳ ላይ "ኩርት ቲን ስፒሪት ይሸታል" ብላ ጻፈችበት። ቲን ስፒሪት የልጃገረዶች ዲዮድራንት ነው፤ የሴት ጓደኛው የምትቀባው። እሱ ግን የአመፀኛ ወጣት መንፈስ አለህ የተባለ መስሎት ደስ አለው፣ ርዕስ አደረገው። ዲዮድራንት መሆኑን የሰማው ዘፈኑ ከወጣ ከወራት በኋላ ነው!

እኔ "ዲዮድራንት" የምትለዋን ስሰማ ሁለት ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ መንዳት ጀምሬያለሁ።

የቀዱት በሜይ 1991 ካሊፎርኒያ ነው አለኝ። ወሩን ወደ እኛ መለስኩት፤ ግንቦት 1983። የባንዱ ከበሮ መቺ ዴቭ ግሮል ከበሮውን ሲደበድብ እኔ አዲስ አበባ አልጋ ሥር ተኝቼ ተኩስ እሰማ ነበር። በጃንዋሪ 1992 አልበማቸው የማይክል ጃክሰንን ከአንደኛ ቦታ አወረደው ሲለኝ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ። በማይክል ቀልድ አናውቅም።

"ግጥሙ አይሰማኝም፣ እንግሊዝኛዬ ይሆናል" አልኩት።

"እኛም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰማነውም" አለኝ። ይህቺ አጽናናችኝ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ክንዴንም ፈታሁ።

ሲታክ ደርሰን ትራንኩን ከፈትኩ። ፕላስተሩ ለቋል። የሻንጣው አንድ ጎን በሙሉ ወዝ በወዝ ሆኖ ያበራል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ።

"እናትህ ናት?"