እማዬን ይዤ እንጅባራ የዋልኩበት ሳምንት

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ሐኪሟ «በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፣ ግን ዳገት አይሁን» አላት። አዲስ አበባ ላይ ይሄን ማግኘት ቀላል አይደለም። የእኛ ሰፈር ዳገት ነው። ሜዳ የሆነው ደግሞ መኪና ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ የዓመት ፈቃድ ስወጣ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። እማዬ ጠዋት ከደጃፍ ወጥታ፣ ታክሲ ሳትይዝ፣ አቅሟ የፈቀደውን ያህል ሄዳ የምትመለስበት ትንሽ ከተማ።

ጎጃም ይሁን ያለችው እሷ ናት። መጀመሪያ የተመደበችው ደብረ ማርቆስ ነበር። «እዚያ አየሩም ሰዉም ይስማማኛል» አለች። ግን ደብረ ማርቆስ ዛሬ ሰፍታለች፤ ባጃጁም ሰዉም ብዙ ነው። ስናወጣ ስናወርድ እንጅባራ ላይ ረጋን። የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው አሁንም ኮሶበር ይላታል። ትልቅ አይደለችም። ከደጋው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ቅርቧ ደግሞ ዘንገና ሐይቅ አለ።

ከዚያ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰኞ ዘንገና። ማክሰኞ ግሽ ዓባይ። ረቡዕ ባሕር ዳር። ሐሙስ ጢስ ዓባይ። ስንመለስ ጮቄ ተራራ። በስድስት ቀን ጎጃምን ላዳርሳት ነበር። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አነበበችው። እንደ ተማሪ ደብተር እስክሪብቶ አነሳችና አንድ በአንድ ሰረዘችው። ዘንገናን ብቻ ተወችልኝ።

«ልጄ፣ እኔ ልጎበኝ አይደለም የምሄደው። ልውል ነው የምሄደው።»

ከዚህ በኋላ ያቀድኩት ሁሉ ከዚች ቃል የወጣ ነው። ለጉብኝት የሚታቀደው ቦታ ነው። ለመዋል ግን የሚታቀደው ውሎው ነው፦ ጠዋት የት ፀሐይ እንሞቃለን? ቡና የት እንጠጣለን? ደክሟት መቀመጥ ብትፈልግ የት ትቀመጣለች? ማታ ሲበርድ ምን እንለብሳለን? ግሽ ዓባይ መቅረቱ እኔን ትንሽ አሳዝኖኝ ነበር፤ የዓባይ ምንጭ ነው፣ ጠበልም ነው። ግን ሰከላ ድረስ የሚወስደው መንገድ ለጉልበቷ አይሆንም። እሷ ያለችው ልክ ነበር።

ስልክ መደወል ጀመርኩ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። «ከተማው ለእግር ይመቻል?» ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም «በጣም!» ይልሃል። ጥያቄው መቀየር አለበት። ከማደሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? እስከ ገበያውስ? መሐል ላይ ዳገት አለ? መንገዱ ኮብልስቶን ነው ወይስ አፈር? ዋናው ደግሞ፣ አንድ የ70 ዓመት ሴት ያንን መንገድ ስትሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዷ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ይሄን የመጨረሻውን ስጠይቃት ሳቀችና «እናቴ በየቀኑ ትሄደዋለች» አለችኝ። ያችን ሴት አመንኳት።

መጀመሪያ ላይ ግን ያው ቀኑን ተሳስቼ ነበር። ለሴትየዋ ጥር 22 እንገባለን ስላት ዝም አለች። ከዚያ «እህቴ፣ ለፈረሱ ነው የምትመጡት?» አለች። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ይዘክራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በጌጥ የተንቆጠቆጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከተማው እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል። እኔ ይሄ በዓል መኖሩን አውቃለሁ፤ ከፈቃዴ ጋር መግጠሙን ግን ልብ አላልኩም። «ፈረስ ለማየት ከሆነ ከዚህ የበለጠ ቀን የለም። ለእረፍት ከሆነ ግን አልጋም አታገኙ፣ እንቅልፍም አታገኙ። ከበዓሉ በኋላ ኑ» አለችኝ። ወደ ጥር 27 ገፋነው። ነነዌ ሳይገባ ስለነበር ምግቡም አላስቸገረንም፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ጾምን። ትንሽ ከተማ ስትመርጥ መጀመሪያ የበዓል ቀን ቁጠር። አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ሌላ ከተማ ማለት ነው።

መንገዱን ለሁለት ከፈልነው። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን ይገባል፤ እማዬን ግን ሰባብሮ ያስገባታል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጋቢዋን አወለቀች፣ ጆሮዋ ተደፈነ፣ ደጀን ስንወጣ እንደገና ለበሰች። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ደረስንና አደርን። ማታ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በዝግታ ሄድን። «ከተማው ድሮ መንቆረር ነበር የሚባለው፤ ስሙ የመጣው ከዚህ ታቦት ነው» ብላ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች አስረዳችኝ። ያች አንዲት ምሽት ለእሷ ከጠቅላላው መንገድ በላይ ነበረች። በማግስቱ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ትልሊን እያለፍን ለምሳ እንጅባራ ገባን። ሳይደክመን መድረሳችን የመጀመሪያውን ከሰዓት አተረፈልን።

ያ ከሰዓት ግን በሌላ ነገር ተበላሸ። የዚያችን ሴት ማረፊያ የያዝኩት ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ነበር፤ ለመጀመሪያው ሌሊት ክፍል አልነበራትም። ስለዚህ ፎቶውን አይቼ ሌላ ሆቴል ያዝኩ። ክፍሉ ንጹህ ነው፣ አልጋው ሰፊ ነው፣ በረንዳም አለው። በረንዳው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። እንጅባራ የመንገድ መገናኛ ናት። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መኪና በመሐሏ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒና ግልገል በለስ የሚሄደውም እዚያው ይታጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝና ማርሽ ሲቀይር ሰማን። ውኃም አልነበረም፤ በባልዲ አመጡልን። ጠዋት ተነስተን ዕቃችንን ይዘን ወደ ሴትየዋ ሄድን። ከአስፋልቱ ሁለት ቅያስ ገባ ያለ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ዶሮ ይሰማል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፣ ሌላ የለም። አሁን የትም ስሄድ «ክፍሉ ከአስፋልት ስንት ቤት ይርቃል? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ታንከር አላችሁ?» ብዬ ሳልጠይቅ ቀብድ አልልክም።

ብርዱን አሳንሼ ነው የገመትኩት። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያሞቃል፣ ሌሊት ግን አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያለህ። የማረፊያው ባለቤት ለእማዬ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሳንጠይቃት አመጣች። «እማማ፣ ፀሐይ ሳይወጣ አይውጡ» አለቻት። ይሄ ምክር የቀናችንን ቅርጽ ሰጠው። እስከ 2 ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ ቡና፣ ከዚያ እግር ጉዞ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ትንሽ ዞር ማለት፣ ከመሸ ቤት። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ እማዬ ደብረ ማርቆስ ስለነበሩት ተማሪዎቿ አጫወተችኝ። እንደዚያ ያወራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከምግቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅቅል ድንች በዳጣ። ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር በትኩሱ ይሸጣል። ድንቹ የአካባቢው ነው፣ ሲላጥ እንፋሎቱ ይወጣል። በዚያ ብርድ ዳጣው ጆሮ ድረስ ያሞቃል። እማዬ ሆዷ በርበሬ አይወድም፤ እሱን ግን አላለፈችውም።

ሦስተኛው ቀን ዘንገና ሄድን። በባጃጅ ነው የሄድነው፤ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትንሽ ነው። ከመንገዱ ገባ ስትል ዛፍ ነው፣ ከዛፉ ሥር ድንገት ውኃው ይመጣል። ክብ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ ስለሆነ ዳርቻው ወደ ታች ቁልቁል ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሆነ ይነገራል። እማዬ ወደ ታች አልወረደችም። አፋፉ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። እኔ እስከ ውኃው ወርጄ ስመለስ ሙዙን ጦጣ ወስዶባት እጇን እያየች ትስቃለች። ሦስት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ነገር አላደረግንም። እኔ ስልኬን ሁለቴ አወጣሁ፣ ሁለቴ መለስኩት። ከውኃው ላይ ነፋስ ሲያልፍ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል፤ እሱን ስናይ ነው የዋልነው። በፊት ባወጣሁት ዕቅድ ለዘንገና የሰጠሁት አርባ ደቂቃ ነበር።

ስንመለስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያየነው ደን በሙሉ አንድ ዓይነት ቀጭን ዛፍ ነው። ባጃጅ ነጂው ዲከረንስ እንደሚባል ነገረን። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ይሄን ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘራል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስለዋል። አስፋልት ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ገባኝ። ቤታችን የምናነደው ከሰልም ምናልባት ከዚሁ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን እማዬን የያዛት ቀርቀሃው ነው። ከማረፊያችን 15 ደቂቃ ያህል ሲሄዱ፣ በእሷ እግር ማለቴ ነው፣ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ የሚሠራ ሰው አለ። መጀመሪያ ቀን ለማረፍ ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በየቀኑ ሄደች። ሰውየው ከረዳቱ ጋር በአካባቢው ቋንቋ በአውንጂ ያወራል፣ ወደ እኛ ሲዞር በአማርኛ ይቀጥላል። ቢላዋውን ግንዱ ጫፍ ላይ ያኖርና በእንጨት መታ መታ ያደርገዋል። ቀርቀሃው እስከ ታች «ጧ» ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ የውስጡን አንጓ በአንድ ግፊት ይጠርገዋል፣ እንደገና ይሰነጥቀዋል፣ እንደገና፣ እንደ ጥብጣብ እስኪሳሳ።

«እማማ፣ የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ የቆላው ግን ድፍን ነው» አላት። «ሦስት ዓመት ያልሞላውን ከቆረጥክ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ሰው ቸኩሎ ይቆርጥና ቀርቀሃ አይረባም ይላል።»

እማዬ ጥያቄ ጠየቀች፣ እሱ መለሰ፣ በአራተኛው ቀን አንድ ስንጥር ሰጥቷት ራሷ ጎነጎነች። እጇ ላይ ስንጥር ገባ፣ አልተወችም። እኔ ለዚህ ነገር ዕቅድ ላወጣለት አልችልም ነበር። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ቀኑን ባዶ ማድረግ ነው። መርሐ ግብሬ ሳይሰረዝ ቀርቶ ቢሆን በዚያ ሰዓት ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ነበርን።

እንደገና ብሄድ የምቀይረው ትንሽ ነው። ብር በጥሬው ይዤ እሄዳለሁ፤ ኤቲኤሙ አንድ ቀን ሙሉ አልሠራ ብሎን ነበር። ለእማዬ ወፍራም ካልሲ አራት እይዛለሁ። ክፍሉን ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ በአንድ ቦታ እይዛለሁ፣ ዋጋውንም ለሳምንት ብዬ እነጋገራለሁ፤ ባለቤቷ እኔ ሳልጠይቃት ነው የቀነሰችልኝ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። አሁን ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሎ የመንገዱን ነገር ይጠይቅ፤ ካልሆነ ይቆይ። ዘንገና የትም አይሄድም።

እማዬ በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀርቀሃ ሠሪው ስትሄድ ሁለት ቦታ ተቀምጣለች፤ አንዴ ቡና የምታፈላው ልጅ አግዳሚ ላይ፣ አንዴ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር። የመጨረሻው ቀን፣ የካቲት 3፣ ልትሰናበተው ሄደች። እኔ ጋቢዋን ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ነበርኩ። ቡና አፍዪዋ «እማማ፣ አያርፉም?» ስትላት እጇን አውለበለበችላት። ቅጥሩንም አለፈችው። ሰውየው ደጅ ስንደርስ ወንበሩን አራግፎ ሰጣት፤ እሷ ግን ቆማ ነው ያነጋገረችው።