ከመስቀል አደባባይ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ በሩጫ

ዛሬ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጅቡቲ የመጣውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ወጣሁ። "ሙዚየም ይቅርብኝ፣ ከተማውን እየሮጥኩ አሳዪኝ" ብሎ ነዝንዞኝ ነው። እሱ የለመደው ባሕር ዳር መሮጥ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር አያውቅም።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አሟሙቀን በስታዲየም በኩል ለገሃር ደረስን። የሰፈሩ ስም "ላ ጋር" ከሚለው ፈረንሳይኛ መምጣቱን ስነግረው ሳቀብኝ (ፈረንሳይኛ ተናጋሪው እሱ፣ አስተርጓሚዋ እኔ!)። አሮጌው ሀዲድ ከዚህ ተነስቶ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያልቀው እነሱ ወደብ ላይ ነው። ጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ዞር ዞር ብሎ አየው። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመ ነው፤ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና! ብሔራዊ ቴአትርን እንዳለፍን ወሬው ቆመ። ጥቁር አንበሳ ጋ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነና! አንድ የጥበቃ አባት "አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ነው መሰለኝ፣ ቀስ አድርጊው እንጂ" አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። እኔ በጅቡቲ ሙቀት ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ስዘረር ስንት ቀን ስቆብኛል።

ምኒልክ ሐውልት ሥር በእግራችን ደረስን። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን "ነገ እንጦጦ ነው" ስለው ፊቱን ብታዩት!