ጭረት የመሰለኝ መስመር

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ አስተካክላለሁ፣ ገጽ አዘጋጃለሁ። ደረሰኝም፣ ቢዝነስ ካርድም፣ መጥሪያም ይመጣል። ከሁሉም እጄ የሚከብድብኝ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ነው። ደረሰኝ ቢበላሽ ተጥሎ ሌላ ይታተማል። የሟች መታሰቢያ ግን ሰው ቤት ገብቶ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው።

እናትና ሴት ልጃቸው አብረው መጡ። እናትየው ከሟች ባላቸው ጋር ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ወንድ ልጃቸው ነበር። የት እንደተማሩ፣ የት እንደሠሩ፣ መቼ ጡረታ እንደወጡ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ እንዳዩ፤ ሁሉም በሥርዓት ተጽፏል። ለሽፋኑ የሰጡኝ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጉርድ ፎቶ ነበረች።

«ተለቅ ያለ አይገኝም?» አልኩ።

«ካሜራ ሲያይ ይሸሻል፤» አሉ እናትየው። «ከልጅ ልጆቹ ጋር ሲነሳም ዓይኑ እነሱ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ያየው እዚህች ላይ ብቻ ነው።»

ፎቶዋን በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን አደረግኋት። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ነው። 300 ለህትመት ይበቃል ሲባል የሰማ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ግን የሚበቃው ፎቶው በራሱ መጠን ሲታተም ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት በ300 ስካን ሲደረግ 354 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ገደማ ብቻ ይወጣዋል። የኤ5 (የኤ4 ወረቀት ግማሽ) ሽፋን ለመሙላት ደግሞ በስፋት 1750 ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ምስሉ ሲለጠጥ ደበዘዘ። እኔም ፊት ጥርት የሚያደርገውን ፕሮግራም ከፈትኩ። በግራ ቅንድባቸው ላይ የምታልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ነበረች። የወረቀቱ ጭረት መሰለችኝ። አሮጌ ፎቶ ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል። ብሩሹን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩባት፤ ጠፋች። ፕሮግራሙም ቆዳውን አለሰለሰው፣ ዓይኑን አበራው። እውነቱን ለመናገር ሳየው ደስ አለኝ። የደከምኩት ለእነሱ ብዬ ነበር።

ሰማንያ ኮፒ ታተመ።

ሊወስዱ የመጡ ዕለት አንዲት ትንሽ ልጅ አብራቸው ነበረች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንዱን ኮፒ አንስታ ሽፋኑን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጣቷን ቅንድቡ ላይ አሳረፈችና ወዲህ ወዲያ አሸችው፤ የሆነ ነገር የተሸፈነ ይመስል።

«የአያቴ መስመሩስ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እናትየው መነጽራቸውን አወጡ። ብዙ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ እሱ አይደለም» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠባሳ ነበር። የልጅ ልጆቹ ሁሉ ጭናቸው ላይ ሲቀመጡ የሚነኩት እሱን ነው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ታሪክ ይነግሩታል። ለአንዱ ነብር የቧጨራቸው ነው። ለሌላው ጨረቃን ሊነኩ መሰላል ወጥተው ወድቀው ነው። ልጆቹ እስካሁን የማን ታሪክ እውነት እንደሆነ ይጨቃጨቃሉ።

«ለኔም እንጨት ሲፈልጥ ነው ያለኝ፤» አለች ትልቋ፣ የሟቹ ሴት ልጅ።

እናትየው ሽፋኑን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺን ላምጥ የተነሳሁ ሌሊት ነው። መብራት አልነበረም። መኪና ሊጠራ ሲሮጥ ከደረጃው ወደቀ፤ የብረት በሩ ጠርዝ ቀደደው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ ደሙን አይታ ወደሱ መጣች። ‹መጀመሪያ እሷን› ብሎ በር ላይ ተቀመጠ። እሱን የሰፉት አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ነው። በኔ ምክንያት ተጎዳ እንዳትይ ብሎ እንዳልነግርሽ አስማለኝ።»

ልጅየዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ለካ እኩያዬ ነው» ብቻ አለች።

ያን ፕሮግራም አሁን ስለ ምን እንደምጠነቀቀው ልናገር። ፊት ጥርት ሲያደርግ የጠፋውን አያገኝም። ሰውየውን አያውቃቸውም። ከብዙ ሺህ ሌሎች ፊቶች የተማረውን ይዞ፣ እዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ቆዳ ይኖራል ብሎ ይገምታል። እናትየው «እሱ አይደለም» ያሉት በሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ልክ ነበሩ። ጭረትና ጠባሳን ለመለየትም ፎቶውን በእጅ ይዞ ወደ ብርሃን ማዘንበል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጭረት ከሆነ የወረቀቱ ንጣት ወይም ስንጥቁ ይታያል። ጠባሳ ከሆነ የወረቀቱ ገጽ ሳይነካ ይቀጥላል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አላደረግሁትም። ደግሞስ የሚያውቁት ሰዎች ፊቴ ቆመው ሳለ «ይቺ መስመር ምንድን ናት?» ብዬ መጠየቅ ምን ነበረበት?

ለአለቃዬ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኩት፤ ወጪው ከደመወዜ እንዲቆረጥም አልኩ። መጽሔቱ በስቴፕል የተሰፋ ስለሆነ ሽፋኑን ብቻ መቀየር ይቻላል። ያን ማታ የሥራ ባልደረቦቼ ሳልለምናቸው አብረውኝ አመሹ። የሰማንያውንም ሽቦ በእጃችን ነቀልን።

አዲሱን ሽፋን ከማዘጋጀቴ በፊት ልጅየዋን አጠገቤ እንድትቀመጥ ጠየቅኋት። የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ባዶ ነበር። «የወንድሜ ጽሑፍ ላይ የሠራበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አለ። አባዬ የለም፤» አለችና የዚያን ሌሊት ታሪክ በቃሏ ነገረችኝ። እኔ ተየብኩ። ሁለት ቦታ ላይ ማልቀስ ይዟት ቆመች፤ ጠበቅኋት። ዓረፍተ ነገሮቿን አላሳመርኩም። የነብሩም የጨረቃውም ታሪክ ይግባ አለች፤ ገባ።

ከዚያ ያቺን ጉርድ ፎቶ እንደገና ስካነሩ ላይ አስተኛኋት። አሁን በ1200። በስፋት 1400 ፒክስል ገደማ ሰጠችኝ፤ ከኤ5 ሽፋኑ ትንሽ ትጎድላለች። ልለጥጣት አልፈለግሁም፤ ዙሪያዋን ነጭ ጠርዝ ተውኩላት። ቅንድቡ ላይ አጎላሁት። መስመሩ ስክሪኑን ሞላው። በግራና በቀኙ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ፤ መርፌው የገባባቸው።

ልጅየዋ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ በጣቷ ቆጠረቻቸው። አራት ስፌት ነበር።

«አንዱንም እንዳትነኪ፤» አለችኝ።