በኪስ ሰዓት ፎቶ ማንሳት፦ ቲካ እና ኤክስፖ

ዛሬ በጨረታ ገበያ ላይ «የሰላይ ካሜራ» ተብለው ከሚቀርቡት አሮጌ ዕቃዎች መካከል በአሠራሩ ብልሃት የኪስ ሰዓት ከሚመስለው ካሜራ ከቲካ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ንድፉ የስዊድናዊው የማግነስ ኒል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1905 አካባቢ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኤክስፖ፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በሃውተንስ ኩባንያ ቲካ ተብሎ ተሠራ። የተሸጠው ለሰላዮች ሳይሆን ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ተራ ሰው ነበር።

ከእሱ በፊት፣ በ1886 የበርሚንግሃሙ ላንካስተር ያወጣው የሰዓት ካሜራም ነበር። ነገር ግን ፎቶ ለማንሳት ሲከፈት ቱቦ እየመዘዘ ስለሚወጣ ያን ጊዜ ሰዓትነቱ ያበቃል። ቲካ ምንም አይመዘዝበትም። ሌንሱ ያለው የሰዓት መሙያው አንገት ውስጥ ነው፤ መሙያ የሚመስለው እንቡጥ ደግሞ የሌንሱ ክዳን ነው። ብርሃኑ በዚያ አንገት ገብቶ የሰዓቱን ሆድ አቋርጦ በወዲያኛው ጠርዝ በተዘረጋው ፊልም ላይ ያርፋል። የፊልሙ ካሴቶች ከብርሃኑ መንገድ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ፊልሙ 17.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን 16 በ22 ሚሊ ሜትር የሆኑ 25 ፎቶዎች ይይዛል።

ሰዓት እንደሚያይ ሰው መዳፍ ላይ ጋደም ሲደረግ እንቡጡ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ሰው ይዞራል። ብልሃቱም ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ እጃችን ሳናውቀው ሰዓቱን ወደ ዓይናችን ስለሚያዘነብል አንገቱ ወደ ላይ ይቀናና ፎቶው ሰማይ ብቻ ይሆናል። ክርንን ከጎን አጣብቆ፣ ሰዓቱን ደረት ላይ አስደግፎ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሻላል። በኋላ በወጣው የሰዓት ገጽ ባለው ቲካ ላይ የተሳሉት የሰዓት እጆች ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ከ7 ላይ ቆመዋል። ሁለት ጊዜ ያየው ሰው ይነቃበታል።

ለመግዛት ሲታሰብ ከመልኩ በፊት መታየት ያለባቸው ካሴቶቹ ናቸው። የጎደሉ ከሆነ ካሜራው የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ምትክ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ቀጥሎ ሹተሩ፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ። ፈጣኑ መቼት በሰከንድ 1/30 አካባቢ ቢሆንም ያረጀ ስፕሪንግ ይዘገያል። ለመለካት ጀርባውን ከፍቶ ወደ ብርሃን ማዞር፣ ከዚያ በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ ስልክ መቅረጽ ነው። ሹተሩ ለ8 ምስል ያህል ክፍት ከታየ 1/30 ነው፤ ለ16 ከታየ 1/15 ነው፣ በእጅ ይዞ ለማንሳት አይሆንም። ዘይት ጠብ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ዘይቱ አቧራ ይዞ ይረጋል፣ ሹተሩንም ይበልጥ ያዘገየዋል። የኒኬል ቅቡንም በሚያፋጭ ማጽጃ አትፈትጉት።

የሚገጥም ፊልም ዛሬ ስለማይሸጥ ቆርጦ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ብዙዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት 35 ሚሊ ሜትሩን ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ስፋቱ ልክ 17.5 ይመጣልና። ሆኖም በአንዱ ጠርዝ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ከፎቶው 16 ሚሊ ሜትር 4 ያህሉን ይበሉታል። የሚሻለው 120 ቁጥር ፊልም ነው። ስፋቱ 61 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቀዳዳ የሌላቸው 3 ጥብጣቦች ወጥተውለት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ርዝመቱም ከ80 ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ለ25ቱም ፎቶ ይበቃል። ምላጮቹን በትክክል በ17.5 ርቀት የሚይዝ መቁረጫ መሥራት ግድ ነው። ትንሽ ከሰፋ ጥብጣቡ በካሴቱ አፍ ላይ ይነክሳል፣ ከጠበበ ደግሞ እየተንሸራተተ ምስሉን ያጣምማል። ሲጠቀለል ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ ሌንሱ መዞሩን አትርሱ።

እኔ የምመርጠው ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስ 80 የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቀይ ብርሃን ስለማይሰማው በጥቁር ቀይ አምፖል ሥር እያዩ መቁረጥ ይቻላል፤ ተራው ፊልም ግን ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 በሚባለው ጠባብ ልክ ላይ የተወሰነ ስለሆነ በጠራ ፀሐይ 80 አይሶ (አይሶ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ ነው) ፊልም 1/80 ሰከንድ ይበቃው ነበር። በ1/30 አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል ብርሃን ይተርፋል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)፣ ኔጋቲቩ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ግን ይሸከመዋል። ስስ ደመና ሲሆን ልክ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ጥላ ውስጥ ግን ምስሉ ይጠፋል። 400 አይሶ በፀሐይ ማስገባትም ጥፋት ነው፤ ኔጋቲቩ ጠቁሮ ብርሃን የማያሳልፍ ይሆናል።

ሹተሩ እንደገና ሲደገን፣ ማለትም ለሚቀጥለው ፎቶ ሲዘጋጅ፣ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ እንቡጡ እንደተገጠመ ፊልሙን በጀርባው ቁልፍ ማዞር፣ ሹተሩን መደገን፣ እንቡጡን መንቀል፣ ማንሳት፣ ወዲያው እንቡጡን መመለስ። ይህን ያልጠበቀ ሰው ፎቶው ሁሉ በጭጋግ የተሸፈነ ሆኖ ሲያገኘው ሌንሱ ሻግቷል ብሎ በከንቱ ሲወለውል ይውላል። «ቲ» የሚለው መቼት ሲጫን ይከፈታል፣ ደግሞ ሲጫን ይዘጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለሚነሳ የቤት ውስጥ ፎቶ ነው።

ለማጠብ ተራው የታንክ ጥቅል 17.5 ሚሊ ሜትር አይይዝም። ኦርቶው በቀይ ብርሃን ሥር ሁለቱን ጫፍ ይዞ ትሪ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ማጠብን ይፈቅዳል። ከዚያ በጥቁር ካርቶን ላይ 16 በ22 መስኮት ቆርጦ ፎቶ በሚያትመው ማጉያ ላይ እንደ ኔጋቲቭ መያዣ መጠቀም ነው። እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲታተም መሀሉ ጥርት ይላል። ሌንሱ አንዲት ጎባጣ መስታወት ብቻ ስለሆነች ጠርዙ ይደበዝዛል፤ የሰውየው ፊት መሀል ላይ እንዲውል አድርጎ ማንሳት ነው።