ዘንገና አጠገብ ናፍጣ ሲያልቅ

ደብረ ማርቆስ ላይ የጠየቅናቸው ማደያዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ናፍጣ የለም።» ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቦቴው ከቆየ ማደያው ይደርቃል። እኛ ደግሞ ዓባይ በረሃን ገና መውጣታችን ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣል። ጭነት የያዘ ፒክአፕ እዚያ ላይ ናፍጣ እንደ ጉድ ይበላል።

ደምበጫ የለም። ፍኖተ ሰላም የለም። ቡሬ ላይ በጀሪካን የሚሸጥ አለ ብለው ወደ አንድ ጓሮ ወሰዱን። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ላምባ ላምባ አለኝ። የአክስቴ ልጅ «እንግዛና እንገላገል» ቢለኝም እምቢ አልኩ። የተቀላቀለ ናፍጣ ፖምፓ ይበላል፤ የፖምፓ ጥገና ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

ጥሊሊን አልፈን ወደ እንጅባራ ስንወጣ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ መኪናው ተንገጫግጮ ጠፋ። ደገኛው ብርድ አጥንት ይሰብራል። መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል። የአዊ ገበሬ ለከሰል ብሎ ከባህር ማዶ መጡ የሚባሉትን ዲከረንስ ዛፎች ይተክላል።

ከሰሉን የሚጠብቀው ልጅ መጣ።

«ጋሼ፣ ናፍጣ ነው ቤንዚን?»

«ናፍጣ።»

«በሉ ቆዩ፣ አይሱዙ ሊጭን ይመጣል።»

እናቱ ከጎጆዋ ወጥታ «ልጆቼ፣ ብርዱ ሳይገላችሁ ግቡ እንጂ!» አለችን። ትኩስ ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበችልን። የአዊን ድንች የማያውቅ ሰው ድንች በላሁ ባይል ይሻላል።

አይሱዙው መጣ። ሹፌሩ ከዳንግላ ሞልቶ ነበር። የጎማ ቱቦ የራሱ ታንከር ውስጥ ከትቶ በአፉ ሳበና ጀሪካናችንን ሞላልን። እኔ ያለቀ መስሎኝ ቁልፉን ልይዝ ስል «ቆይ፣ አየር ገብቶበታል» አለኝ። የናፍጣ መኪና ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሲጠፋ መስመሩ አየር ይስባል። አየሩ ካልወጣ ናፍጣ ቢሞላም አይነሳም።

ረዳቱ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን አላላ። ሹፌሩ የእጅ ፓምፑን በመዳፉ ይጫን ጀመር። መጀመሪያ ፊስስ የሚል አየር ብቻ። ቀጥሎ ነጭ አረፋ። ብዙ ከተጫነ በኋላ ጥርት ያለ ናፍጣ በረዳቱ ጣቶች መሀል ወረደ። «እሰር!» አለው። ባትሪው እንዳይደክም እያረፍን ሞከርን፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

ሂሳብ ስጠይቀው የማደያውን ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ። በጥቁር ገበያ ሂሳብ ቢጠራልኝ እከፍለው ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «ነገ እኔም እቆማለሁ» ብሎ ከሰሉን ሊጭን ሄደ።

እንጅባራ ላይ ወረፋ ይዘን ሞላን። አንድ ጋራዥ ፊልትሮውን ፈትቶ አሳየን፤ ከታንከሩ ሥር የተሳበው ዝቃጭ አጥቁሮታል። አስቀየርነውና ጉዞ ወደ ባሕር ዳር።